ነጋሪት ያልተጎሰመለት ለውጥ

አንድ ሰው በሌለበት ፈርጄበታለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለ ክላውድ ዳታቤዝ ዶክመንቴሽን ታሪክ ነው፤ እንድጽፈው ያደረገኝ ግን ያ ፍርድ ነው።

የምሠራበት ድርጅት ክፍያ ያስተላልፋል። ደንበኛው በስልኩ ይከፍላል፣ ብሩ ቀኑን ሙሉ ይጠራቀማል፣ ማታ ላይ ሲስተማችን ለየሱቁ ሒሳቡን ይልካል። በአንድ የፋሲካ ሰሞን ጠዋት የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ያላቸው እናት ደወሉ። «ልጄ፣ የትናንቱ ብር ሁለቴ ገብቷል፤ እስኪ እዩት» አሉኝ። አየነው። የእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ለሌሎች ስድስት ሱቆችም ሁለት ሁለት ጊዜ ከፍለናል። እሳቸው ባይደውሉ መቼ እንደምናውቀው እንጃ።

ኮዱን ስከፍተው ችግሩን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ፕሮግራሙ ያልተከፈላቸውን ሱቆች ዝርዝር ከዳታቤዙ ያወጣል፣ ለተወሰኑት ይከፍላል፣ «ተከፍሏል» ብሎ ይመዘግባል፣ ከዚያ የቀሩትን ለማግኘት ዝርዝሩን እንደገና ያነባል። የሚያነበው ግን ከዋናው ሠንጠረዥ ሳይሆን ከተጨማሪ ኢንዴክስ ነው። ኢንዴክስ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው፤ ፍለጋ ያፈጥናል። ችግሩ ዋናው ገጽ ተስተካክሎ ማውጫው ለቅጽበት ሊዘገይ መቻሉ ነው። በአዘቦት ቀን መዘግየቱ ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ስለሆነ ማንም አያውቀውም። በበዓል ዋዜማ ሥራ ሲበዛ ኢንዴክሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ አሁን የተከፈለው ሱቅ «አልተከፈለም» ተብሎ ተመልሶ መጣ። ፕሮግራሙም ታዛዥ ነውና ደግሞ ከፈለው።

የዳታቤዙን ዶክመንቴሽን ከፈትኩ። በተጨማሪ ኢንዴክስ በኩል የሚደረግ ንባብ የመጨረሻውን ለውጥ ላያሳይ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ከዚህ በታች ከማነሳቸው አንዱም አይደለም። ኮዱን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ልጅ ነው፤ ሥራ ለቆ ሄዷል። በስብሰባ ላይ ምን ተፈጠረ ተብዬ ስጠየቅ፣ «ዶክመንቴሽኑን ሳያነብ ነው የጻፈው» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የሌለ ሰው መልስ አይሰጥ፤ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ሪፖርት ስጽፍ ቀን ለመጥቀስ ፈለግኩ። ኮዱ የተጻፈበትን ቀን ከጊት አወጣሁ፤ የዚያን ሰሞን የዶክመንቴሽን ገጽ ደግሞ ከዌይባክ ማሽን። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ደነገጥኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የለችም። የድሮው ገጽ የሚለው የተጻፈ ነገር ወዲያው እንደሚነበብ ብቻ ነው፤ ስለ ኢንዴክስ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ የለም። ማስጠንቀቂያው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ በተቀመጠ ቅጂ ላይ ነው። ድርጅቱ ራሱ «የለውጥ ታሪክ» ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ልጁ ዶክመንቴሽኑን አንብቧል። እንዲያውም ያነበበውን አምኖ ነው የሠራው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። የሌላ ሰው ዳታቤዝ ተከራይተን ስንሠራ ውላችን ያ ገጽ ነው። ገጹ ዛሬ ሲቀየር ትናንት አንብቦት የሠራው ሰው ምን ይሆናል? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማኑዋሉ ቁጥር ሲኖረው

ክላውድ ከመምጣቱ በፊት ዳታቤዝ ከነማኑዋሉ ነበር የሚመጣው። ሶፍትዌሩ የቨርዥን ቁጥር አለው፣ ማኑዋሉም ያንኑ ቁጥር ይይዛል። ይህ ልማድ ዛሬም በፖስትግሬስ ይታያል፤ የእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን ማኑዋል ለብቻው ይቀመጣል። 9.6ን የጫነ ሰው የ9.6ን ማኑዋል ያነባል። ሲፈልግ ወደ 10 ይሸጋገራል፣ ሳይፈልግ ይቆያል። ከብዙ ዓመት በኋላ «ይህ ሰው ያኔ ምን አንብቦ ነበር?» ብትሉ መልስ አለው።

ክላውድ ይህን ቋጠሮ ፈታው። የክላውድ ዳታቤዝ በአብዛኛው እናንተ የምትመርጡት ቨርዥን የለውም፤ ያለው የዛሬው ብቻ ነው። ገጹም እንደዚያው። ሌሊት ይቀየራል፣ ጠዋት ስትከፍቱት ከድሮም እንደዚያ የነበረ ይመስላል።

«ውሎ አድሮ»

በ2007 የአማዞን መሐንዲሶች ዳይናሞ ስለተባለ የውስጥ ሲስተማቸው አንድ ጥናት አሳተሙ። የተነሱበት ጥያቄ የገበያ ቅርጫት ነበር። ሰርቨር ቢወድቅ፣ ኔትወርክ ቢቆረጥ፣ ደንበኛው ዕቃ ቅርጫቱ ውስጥ መጨመር መቻል አለበት፤ አይሆንም የሚባልበት ጊዜ መኖር የለበትም። ለዚህ ሲባል የአንድ ቅርጫት የተለያዩ ቅጂዎች ለጊዜው ላይስማሙ ይችላሉ፣ ኋላ ላይ ይታረቃሉ። ጥናቱ ዋጋውንም አልደበቀም፦ ደንበኛው ከቅርጫቱ ያወጣው ዕቃ አንዳንዴ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እንግሊዝኛው «ኢቨንቹዋል ኮንሲስተንሲ» ይለዋል፤ እኔ «ውሎ አድሮ መስማማት» እለዋለሁ። ውሎ አድሮ የምትለዋ ቃል ከባድ ናት። ስንት ሰዓት ውሎ? ስንት ቀን አድሮ? ቁጥር የላትም። ዶክመንቴሽን ላይ ከተጻፈች በኋላ የቀረው የፕሮግራመሩ ጣጣ ነው።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አማዞን ሲምፕልዲቢን ለሕዝብ አቀረበ። ንባቡ ውሎ አድሮ የሚስማማ ነበር። በ2010 ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ለውጥ የሚያሳይ ንባብ መጠየቅ ትችላላችሁ ተባለ። በጥር 2012 ዳይናሞዲቢ መጣ፤ ከመጀመሪያው ሁለቱንም ምርጫ ይዞ። ካልጠየቃችሁ የሚሰጣችሁ ውሎ አድሮ የሚስማማው ነው፤ ጽኑው ንባብ በአቅም ስሌት እጥፍ ያስከፍላል። ማለትም አንዲት ቃል የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ቁጥሮቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። ዳይናሞዲቢ ሲጀምር አንድ መዝገብ ከ64 ኪሎባይት መብለጥ አይችልም ነበር። በጥቅምት 2014 ገደቡ 400 ኪሎባይት ሆነ። ለአዲስ ሰው ይህ የምሥራች ነው። በ2013 ረጅም ጽሑፍ ለማስቀመጥ ይዘቱን የሚቆራርጥና መልሶ የሚቀጥል ኮድ የጻፈውን ሰው ግን አስቡት። በ2016 የተቀጠረው ወጣት ያንን ኮድ አይቶ ምን ይላል? «ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው? 400 ይይዝ የለም እንዴ?» ይላል። ገጹ 400 ይላላ! 64 የሚለው ገጽ የታለ?

አሥራ አራት ዓመት የጠበቀች ዓረፍተ ነገር

የኤስ3 ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። ኤስ3 በጥብቅ አነጋገር የፋይል ማከማቻ እንጂ ዳታቤዝ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ የትንተና ዳታቤዞች ዳታቸውን የሚያስቀምጡት እሱ ላይ ነው። በመጋቢት 2006 ተጀመረ። ለዓመታት ዶክመንቴሽኑ የሚለው ይህን ነበር፦ አዲስ ፋይል ከጻፋችሁ ወዲያው ታነቡታላችሁ፤ የነበረውን ከቀየራችሁ ወይም ከሰረዛችሁ ግን ውሎ አድሮ ነው። አንዲት ተቀጥላም ነበረችው። ፋይሉን ከመጻፋችሁ በፊት «አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ ለአዲስ ፋይል የተገባው ቃልም ይነሳል። ይህችን ተቀጥላ ያላነበበ ስንት ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሯል! ጥንቃቄ ብላችሁ ቀድማችሁ መጠየቃችሁ ራሱ ወጥመድ ነው።

በዚህ ዓረፍተ ነገር ዙሪያ ሙሉ ሶፍትዌሮች ተሠሩ። ኔትፍሊክስ በ2014 ኤስ3ምፐር የሚባል መሣሪያ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። የሃዱፕ ሰዎች ደግሞ ኤስ3ጋርድን ሠሩ። የሁለቱም ብልሃት ተመሳሳይ ነው፤ ኤስ3 ውስጥ የትኛው ፋይል እንዳለ በዳይናሞዲቢ ውስጥ ለብቻው መመዝገብ፣ ከዚያ የኤስ3ን ዝርዝር ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር። አንዱ የአማዞን አገልግሎት የሚዘነጋውን ሌላው የአማዞን አገልግሎት እንዲያስታውስለት ማለት ነው። ለዚህም ተጨማሪ ይከፈላል።

በታኅሣሥ 1 ቀን 2020 አማዞን ኤስ3 ከእንግዲህ ጽኑ መስማማት እንዳለው አስታወቀ። ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ በሁሉም ሪጅን፣ ኮድ መቀየር ሳያስፈልግ። ዶክመንቴሽኑ ላይ ጥቂት አንቀጾች ጠፉ፣ በምትካቸው አጭር አንቀጽ ገባ። ኤስ3ጋርድ ሥራ አጣ፤ ኋላም ከሃዱፕ ኮድ ውስጥ ወጣ።

ልብ በሉ፣ ይህ በይፋ የተነገረ ለውጥ ነው፤ ነጋሪት ተጎስሞለታል። ሆኖም ዛሬ ገጹን ብቻ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ስለ አሥራ አራቱ ዓመት ምንም አያይም። ኤስ3ጋርድን የጻፉት ሰዎች ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር የሠሩ ይመስላሉ። በጊዜያቸው ግን ከብዙዎቻችን የተሻለ ያነበቡ እነሱ ነበሩ።

ኮዱ ያው፣ ትርጉሙ ሌላ

ሦስተኛው ዓይነት ለውጥ ደግሞ «ካልጠየቅክ የሚሰጥህ» ሲቀየር ነው። የሞንጎዲቢ ደንበኛ ላይብረሪዎች እስከ 2012 መጨረሻ ድረስ፣ እናንተ ካላዘዛችኋቸው በቀር፣ ጽሑፉን ወደ ሰርቨሩ ልከው መልስ ሳይጠብቁ ይመለሱ ነበር። ደብዳቤ ፖስታ ቤት ጥሎ «ደርሷል» እንደማለት ነው። በኅዳር 2012 ሞንጎክላየንት የሚባል አዲስ መግቢያ መጣና ከሰርቨሩ ማረጋገጫ መጠበቅ መደበኛው ሆነ። በ2021 ቨርዥን 5.0 ሲወጣ ደግሞ መደበኛው ወደ «አብዛኛው» ከፍ አለ፤ ከቅጂዎቹ አብዛኞቹ ካልያዙት ጽሑፉ ተሳካ አይባልም። «ይህን መዝግብ» የምትለው መስመር በ2011ም በ2022ም ስትታይ ያቺው ናት። የምትገባው ቃል ግን ሁለት ጊዜ ተለውጧል።

እነዚህን ቃሎች መፈተን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው አለ። ካይል ኪንግስበሪ ጄፕሰን በተባለው ፕሮጀክቱ ከ2013 ጀምሮ ዳታቤዞችን ይፈትናል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ዶክመንቴሽኑ ምን ይላል? ኔትወርኩን ብቆርጠው ያለውን ያደርጋል? በሚያዝያ 2025 ያወጣው ሪፖርት አማዞን አርዲኤስ ላይ በሚሠራ የፖስትግሬስ ክላስተር ላይ ከሚጠበቀው ያነሰ ዋስትና እንዳገኘ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲወጣ ድርጅቶች ሁለት ምርጫ አላቸው፤ ወይ ሶፍትዌሩን ያርማሉ፣ ወይ ዶክመንቴሽኑን ያርማሉ። ሁለቱም እውነትን ያስታርቃሉ። የድሮውን ገጽ አምኖ የሠራውን ሰው የሚያስታውሰው ግን የትኛውም አይደለም።

ልዩነት ፈላጊዎች

ሁለት ጽሑፎችን አነጻጽሮ የተለየውን መስመር የሚያወጣው ዲፍ የተባለ ፕሮግራም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ ተሠራ፤ የዳግላስ ማክኢልሮይ ሥራ ነው። ከጄምስ ሀንት ጋር ያሳተሙት ስልት በ1976 ወጣ። የኢንተርኔት አርካይቭ ከ1996 ጀምሮ የድረ ገጾችን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ዌይባክ ማሽን ለሕዝብ የተከፈተው በ2001 ነው። ጊት በ2005 መጣ። መሣሪያው እንግዲህ ከክላውድ ዳታቤዝ ይቀድማል። የጎደለው መሣሪያ አይደለም።

አንድ ጊዜ ተስፋ ሰጪ ነገር ሆኖ ነበር። በ2018 አማዞን የዶክመንቴሽኑን ምንጭ ጊትሀብ ላይ ለሕዝብ ከፈተ። ማንም ሰው የትኛው መስመር መቼ እንደተቀየረ ማየት፣ ስሕተት ካገኘም እርማት መላክ ይችል ነበር። በ2023 አብዛኛውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያቱ የውስጡን ቅጂና የጊትሀቡን ቅጂ በእጅ እያመሳሰሉ መኖር አድካሚ መሆኑ ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ እኔም እንደዚያ ዓይነት ሥራ እጠላለሁ። ዳሩ ግን አምስት ዓመት የተከፈተ መስኮት ተዘጋ።

ስለዚህ የራሴን ሠራሁ። ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ መቶ መስመር የማትሞላ ስክሪፕት ናት። ሌሊት ትነሳለች፣ እኛ የምንተማመንባቸውን አርባ ገጾች ታወርዳለች፣ ሜኑውንና ማስታወቂያውን አራግፋ ጽሑፉን ብቻ ታስቀራለች፣ ጊት ውስጥ ታስቀምጣለች። ለውጥ ካለ ጠዋት መልእክት ይደርሰኛል። አብዛኛው ገለባ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ተጨመረ፣ ርዕስ ተቀየረ፣ የምርት ስም ታደሰ። ፍሬው አልፎ አልፎ ይመጣል። ዓይኔ የሚፈልገው ትንንሽ ቃላትን ነው፦ «ይሆናል» የሚለው «ሊሆን ይችላል» ሲሆን፣ «ሁልጊዜ» የሚለው «በአብዛኛው» ሲሆን፣ ቁጥር ሲቀንስ፣ «በአንድ ሪጅን ውስጥ» የሚል ሐረግ ሹልክ ብሎ ሲገባ።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በዲፍ ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንደኛ፣ ዳታቤዙ ተቀይሮ ገጹ ተከተለው። ሁለተኛ፣ ዳታቤዙ ድሮም እንደዚያ ነበር፣ ገጹ ነው አሁን እውነቱን የተናገረ። ሦስተኛ፣ ምንም አልተቀየረም፣ ጸሐፊው ዓረፍተ ነገሩን አሳመረ። ሦስቱም አንድ ቀይ መስመር፣ አንድ አረንጓዴ መስመር ናቸው። የእኛ ጉዳይ ሁለተኛው ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከሁሉ ዝም ያለ ነው፤ ምክንያቱም «አዲስ ነገር አመጣን» ተብሎ አይታወጅም፣ «ተሳስተን ነበር» ማለት ደግሞ ማንም አይወድም።

የአዋጅ ቁጥር

በአገራችን ሕግ ሲወጣ ነጋሪት ይጎሰም ነበር፤ የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ያ ነጋሪት ስሙን ለጋዜጣ ሰጠ። ስለ ነጋሪት ጋዜጣ ብዙ ማማረር ይቻላል፤ አንድ ነገር ግን አለው። አዋጅ ሲሻሻል የማሻሻያው አዋጅ ራሱ ቁጥር አለው፣ ዓመተ ምሕረት አለው፣ የትኛው አንቀጽ ተሠርዞ በምን እንደተተካ ይናገራል። አሮጌው አይጠፋም። ለዚህ ነው አንድን ሰው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በነበረው ሕግ መዳኘት የሚቻለው። ከዓመት በኋላ በወጣ አንቀጽ ያለፈን ሥራ መክሰስ ግፍ መሆኑን ሕግ ያልተማረም ያውቃል።

እኔ ያደረግኩት ያንን ነው። በአሥራ አንድ ወር በኋላ በወጣ አንቀጽ ፈረድኩ።

ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር፦ ልጁ ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ቢሰጥ ኖሮ ኢንዴክሱ ቢዘገይም ብሩ ሁለቴ አይወጣም ነበር። ያ ጉድለት ነው። ነገር ግን ያንን ኮድ በዓመቱ ውስጥ እኔም ሦስት ጊዜ ነካክቼዋለሁ፤ አላየሁትም። አሁን አስገብተነዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለቱን ገጾች አሳየሁና የተናገርኩትን አነሳሁ። ከዚያ ለልጁ ደወልኩለት። በአካል ተገናኝተን አናውቅም። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፤ በስብሰባ ላይ ያልኩትንም ጭምር። ትንሽ ዝም አለ።

«ያንን ገጽ አስታውሰዋለሁ» አለኝ። «ገንዘብ ስለሆነ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።»

ይቅርታ ጠየቅኩት። «ችግር የለም» አለ፤ ድምፁ ግን ችግር እንደነበረው ያስታውቃል። ቀጥሎ የጠየቀኝ፣ «ሴትዮዋ ግን ብሩን መለሱ?» ብሎ ነው። መልሰዋል። ሰባቱም ሱቆች መልሰዋል።

አሁን ቡድናችን አንድ ልማድ አለው። ዶክመንቴሽን አምነን የምንጽፈው ኮድ ሁሉ በላዩ ላይ ሁለት መስመር አስተያየት ይኖረዋል፤ ገጹ ምን እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንዳነበብነው። ከዚህ በፊት የተጻፈውን ኮድም ወደ ኋላ እየሄድኩ ከድሮ ቅጂዎች ጋር እያመሳከርኩ ነው። የልጁ ኮድ ላይ አስተያየቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑን እሱ ያነበበበትን አደረግኩት።